የባለቤቴ የቪኤ ገንዘብ ይቆጠርብናል ወይ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦

«ባለቤቴ በአሜሪካ ጦር ውስጥ አራት ዓመት አገልግሎ በክብር ተሰናብቷል። ቪኤ (የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት) 70 በመቶ ጉዳተኛ ብሎታል። ለእኔና ለሁለቱ ልጆቻችን የሚጨመረውን ይዞ በወር ወደ 2,090 ዶላር ያገኛል። ጀርባው አልፈቅድ ስላለው አሁን ሥራ የለውም። እኔ አረጋውያንን በመንከባከብ ግማሽ ቀን እሠራለሁ፤ በወር 1,200 ዶላር አገኛለሁ። ግሪን ካርድ ከያዝኩ ሁለት ዓመቴ ነው። ትልቁ ልጃችን 6 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት። ትንሿ 2 ዓመቷ ነው። ኪራይና መብራት ተደምሮ 2,100 ዶላር ይወጣል። ካሽ፣ ፉድ ስታምፕ (የምግብ ድጎማ) እና ሜዲኬድ (የመንግሥት የጤና ሽፋን) በአንድ ቀን አመለከትን። ጉዳያችንን የያዘችው ኬዝ ወርከር በስልክ ‹የቪኤው ገቢ ስለሚቆጠር አይገባችሁም› አለችን። አንድ ወዳጃችን ደግሞ ‹ታክስ የሌለበት ገንዘብ አይቆጠርም፣ ጭራሽ አትጻፉት› ይለናል። ማንን እንመን? ባለቤቴ ሬቲንጉን፣ ማለትም የጉዳት መቶኛውን፣ ለማስጨመርም ፈርቷል። ያለችንንም እንዳናጣ ነው የሚለው።»

እህቴ፣ ሁለቱንም እንዳሉ አትውሰዷቸው። ኬዝ ወርከሯ ልክ የሆነችው በካሹ ላይ ነው። በፉድ ስታምፕና በሜዲኬድ ላይ ግን ተሳስታለች። ወዳጃችሁ በሜዲኬድ ላይ ሳያስበው ልክ ሆነ። «አትጻፉት» ያለው ግን ችግር ውስጥ የሚከታችሁ ምክር ነው።

ነገሩ ግራ የሚያጋባው ሰው ሁሉ «የቪኤ ገንዘብ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ የለውም። ያው 2,090 ዶላር አንዱ ፕሮግራም ጋ ሙሉ በሙሉ ይቆጠራል፣ ሌላው ጋ ዜሮ ነው። ማመልከቻው አንድ ቢሆንም፣ የምታናግሪያት ሴትም አንዲት ብትሆን፣ ከጀርባ ያሉት ሕጎች ሦስት ናቸው። ስለዚህ ከአንዱ የመጣ «አይገባችሁም» የሌሎቹ መልስ አይደለም።

መጀመሪያ የባለቤትሽ ገንዘብ የትኛው እንደሆነ እንለይ። ቪኤ ለጉዳተኞች የሚከፍለው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ኮምፐንሴሽን ነው። ይህ ካሳ ነው። በአገልግሎት ላይ ለደረሰ ጉዳት ይከፈላል፣ ሀብታም ድሃ ብሎ አይለይም፣ ታክስም የለበትም። ሌላው ፔንሽን ነው። ስሙ ጡረታ ቢመስልም ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ፣ በጦርነት ዘመን ላገለገሉ አረጋውያንና ሙሉ ጉዳተኞች የሚሰጥ ድጎማ ነው። «70 በመቶ» ስላልሽ የእናንተው ካሳው ነው። ይህን መለየቱ የሚጠቅመው ሁለቱ በየመሥሪያ ቤቱ የሚታዩበት ዓይን ስለሚለያይ ነው። ቁጥሮቹን ሁሉ የምሰጥሽ እ.ኤ.አ. የ2025 አድርጌ ነው። ፉድ ስታምፕ በየኦክቶበር፣ ቪኤ በየዲሴምበር ይስተካከላል።

ካሹን በአጭሩ ልጨርሰው። ታንፍ የሚባለው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የድሮውን ዌልፌር የተካው። ገንዘቡ የፌዴራል ቢሆንም የገቢ ጣሪያውን የሚወስነው ስቴቱ ነው። አብዛኛው ስቴት የቪኤ ካሳን ሠርተው ያላገኙት ገቢ ብሎ ከነሙሉው ይቆጥረዋል። የሚሰጠው ካሽ ደግሞ ትንሽ ነው። በሚሲሲፒ ለሦስት ሰው ቤተሰብ ቢበዛ በወር 260 ዶላር ነው። አብዛኞቹ ከዚህ የተሻሉ ቢሆኑም 2,090 ዶላር ያለበት ቤት በአብዛኛው ስቴት አያልፍም። ይህ ያናድዳል፣ አውቃለሁ። ጉልበቱን ለአገር የሰጠ ሰው ካሳ እንደ ሽልማት ተቆጥሮ ልጆቹን ሲያስከለክል ደስ አይልም። ግን ሕጉ ይኸው ነው፣ እዚህ ላይ ጊዜ አታባክኚ። በነገራችን ላይ፣ «ታዲያ የቪኤውን ትተን ካሹን ብንወስድስ?» የሚሉኝ አሉ። አያዋጣም። አብዛኞቹ እርዳታዎች መጀመሪያ የሚገባችሁን ሌላ ገቢ ሁሉ ጠይቁ ይላሉ፣ ኤስኤስአይ የሚባለው የድሃ አካል ጉዳተኞችና አረጋውያን ድጎማም እንደዚያው።

አሁን ወደ ፉድ ስታምፑ። እዚህም የቪኤው ካሳ ይቆጠራል። ግን «ይቆጠራል» ማለት «አይገባችሁም» ማለት አይደለም። እስክሪብቶ አምጪና አብረን እናስላ።

2,090 እና 1,200 ሲደመር 3,290 ዶላር ነው። ለአራት ሰው ቤተሰብ የፌዴራሉ ጠቅላላ ገቢ ጣሪያ 3,380 ነው። በ90 ዶላር ጠባችሁ አለፋችሁ። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲን የመሳሰሉት ደግሞ ጣሪያውን ከፍ አድርገውታል። ቀጥሎ ቅነሳው ይመጣል። ከአንቺ ደመወዝ 20 በመቶ ይነሳል፣ 960 ይቀራል። ከባለቤትሽ 2,090 ምንም አይነሳም፤ ይህ ቅናሽ ለሠራተኛ ደመወዝ ብቻ ነው። ድምሩ 3,050። ከዚህ ለአራት ሰው የተፈቀደው መደበኛ ቅናሽ 217 ይነሳል፣ 2,833 ይሆናል። የዚህ ግማሽ 1,416.50 ነው። ቤታችሁ 2,100 ስለሚፈጅ፣ ከዚህ ግማሽ ያለፈው 683.50 እንደገና ይቀነስላችኋል። የተጣራው ገቢ 2,149.50 ሆነ። ጣሪያው 2,600 ነው፣ አሁንም አለፋችሁ። ለአራት ሰው የሚሰጠው ከፍተኛው 975 ዶላር ነው። ከተጣራው ገቢ 30 በመቶ፣ ማለትም 645፣ ሲነሳለት 330 ይቀራል።

በወር 330 ዶላር ማለት ነው። ኬዝ ወርከሯ በስልክ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሰረዘችው ይህንን ነው። ኪራያችሁን አልጠየቀቻችሁም ብዬ እገምታለሁ። የኪራይ ደረሰኝ ካላስገባችሁ ያ 683 ዶላር ቅናሽ አይገኝም፣ ሒሳቡ ሁሉ ይዛባል። አብዛኛውን ጊዜ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

ከቪኤ ወርሃዊ ክፍያውንና የጉዳቱን መቶኛ የሚያሳየውን ደብዳቤ አውጡ፤ ከድረ ገጹ በደቂቃ ይወርዳል። ቪኤ በፊት በስህተት ብዙ ከፍሎት አሁን በየወሩ እየቆረጠ የሚያስመልስ ከሆነ፣ የተቆረጠችው በፉድ ስታምፕ ሒሳብ እንደ ገቢ መቆጠር የለባትም፤ ማጭበርበር እስከሌለበት ድረስ። ባንክ የገባውን ከደብዳቤው ጋር አስተያዪ። ልዩነት ካለ ጠቁሚያቸው፣ እነሱ ራሳቸው አይፈልጉልሽም።

የወዳጃችሁን «አትጻፉት» እዚሁ ልዝጋው። ስቴቶች የእርዳታ ተቀባዮችን ስም ከቪኤ ክፍያ ጋር የሚያመሳክሩበት ፓሪስ የሚባል ሥርዓት አለ። ዛሬ ያልተጻፈው ከወራት በኋላ ይወጣል። ያኔ 330ው ዕዳ ይሆናል። አንድ የማውቀው ሰው ያላሳወቀውን ገቢ ሲያስመልሱት ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ተንኮል አልነበረበትም፣ ሰው የነገረውን አምኖ ነው።

ሜዲኬድ ጋ ታሪኩ ይገለበጣል። ከእ.ኤ.አ. 2014 ጀምሮ የልጆች፣ የወላጆችና የአብዛኛው ጎልማሳ ሜዲኬድ የሚለካው በታክስ ሕግ ገቢ ነው። የቪኤ ካሳ ታክስ የለበትም፤ ስለዚህ እዚህ የለም፣ ዜሮ ነው። የቤታችሁ ገቢ የአንቺ 1,200 ብቻ፣ በዓመት 14,400 ዶላር ይሆናል። ፕሮግራሙን ባሰፉት 40 ስቴቶችና በዲሲ የአራት ሰው ጣሪያ ወደ 44,367 ነው። ግማሹንም አትደርሱም። እንደ ቴክሳስ ባሉ ባላሰፉት ስቴቶች የወላጆቹ ጣሪያ በጣም ዝቅ ይላል፣ ልጆቹ ግን እዚያም ያልፋሉ።

ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ባለቤትሽ ወደፊት የሶሻል ሴኩሪቲ ዲስአቢሊቲ ቢያገኝ ያ ገንዘብ ታክስ ባይኖርበትም ለሜዲኬድ ይቆጠራል። ሁለቱን አታምታቺ። በተጨማሪ፣ በዕድሜ ወይም በአካል ጉዳት መስመር የሚሰጠው ሌላው ዓይነት ሜዲኬድ የቪኤን ካሳ ይቆጥራል። ማመልከቻው በስህተት ወደዚያ መስመር ከገባ «አይገባችሁም» ይመጣል። የእናንተም እንዲያ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የእምቢታው ደብዳቤ በጽሑፍ እንዲመጣ ጠይቂና የትኛው መስመር እንደሆነ አንብቢ።

አሁን የአንቺ ግሪን ካርድ። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ የሰማ ላልሰማ ያሰማ። ግሪን ካርድ ያለው ጎልማሳ ለፉድ ስታምፕ፣ ለታንፍና ለሜዲኬድ በመደበኛው አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። ከዚህ ነፃ ከሆኑት ውስጥ በክብር የተሰናበተ ቬተራን (የቀድሞ ወታደር)፣ የትዳር ጓደኛውና ያላገቡ ጥገኛ ልጆቹ ይገኛሉ። አንቺ ቬተራን አግብተሻል፤ ሁለት ዓመትሽ በቂ ነው፣ እንዲያውም አንድ ቀንም ይበቃ ነበር። ማስረጃው ዲዲ-214 የሚባለው የስንብት ወረቀቱ ነው። ሳጥን 24 ላይ የስንብቱ ዓይነት ተጽፏል። አጭሩ ቅጂ ይህን መስመር አይዝም፣ ረጅሙን ያምጣ። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን ከጎኑ አያይዢ። እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው ማቭኒ በሚባለው ፕሮግራም፣ አማርኛ ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ስለነበር፣ ጦሩን የተቀላቀሉ ልጆቻችን ነበሩ። በዚያም ሆነ በሌላ መንገድ የገቡት ሚስቶቻቸውን ካገር ቤት ሲያመጡ ይህ ሕግ ይመለከታቸዋል። ኬዝ ወርከር የግሪን ካርዱን ቀን ብቻ አይታ ትመልሳቸዋለች፣ እነሱም አመስግነው ይወጣሉ።

በጁላይ 2025 የወጣው ትልቁ ሕግ ቬተራን በመሆን ብቻ ይገኝ የነበረውን የፉድ ስታምፕ የሥራ ግዴታ ነፃነት አንስቶታል። እናንተን አይነካችሁም። ከ14 ዓመት በታች ልጅ አላችሁ፣ እሱም የአካል ጉዳት ክፍያ ያገኛል።

ለትንሿ ዊክ የሚባለውን የእናቶችና የሕፃናት የምግብ ድጋፍ ጠይቂ። 5 ዓመት እስኪሞላት ወተት፣ እንቁላልና እህል ይሰጣሉ። ሜዲኬድ ካላችሁ የገቢ ጥያቄው እዚያው ያበቃል፣ የቪኤውን ማንም አያነሳውም። ትልቁም ፉድ ስታምፑ ሲገባ የትምህርት ቤት ምሳው ያለ ሌላ ፎርም ነፃ ይሆንለታል።

ኦቲዝም ያለበት ልጃችሁ ነገር ትንሽ ጠለቅ ይላል። ኤስኤስአይ ለልጆችም ይሰጣል፤ በ2025 ከፍተኛው በወር 967 ዶላር ነው። ልጁ ገቢ ባይኖረውም ከወላጆቹ ገቢ ከፊሉ ወደ እሱ ይዞራል። የአባቱ ካሳ እዚህ ይገባል። (የቪኤ ፔንሽን ቢሆን ኖሮ ወደ ልጁ አይዞርም ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ለይተን የተነሳነው ለዚህ ነው።) በዚያ ላይ ቪኤ ለልጁ ብሎ የጨመራት ድርሻ የልጁ የራሱ ገቢ ትባላለች። በደንብ ሲሰላ 300 ዶላር አካባቢ የሚተርፈው ይመስለኛል፤ ሐኪሞቹ ሁኔታው ከባድ መሆኑን ካረጋገጡ። ይህ ገንዘብ ለፉድ ስታምፕ ይቆጠራልና 330ው ይቀንሳል። ሆኖም ቤቱ አካል ጉዳተኛ አለበት ተብሎ ስለሚመዘገብ የጠቅላላ ገቢው ጣሪያ ጭራሽ ይቀርላችኋል። ተደምሮ ተቀንሶ ትርፍ አለው። አመልክቺ።

አንድ ነገር አልጠየቅሽም፣ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ባለፈው ዓመት የታክስ ፎርም ሞላችሁ? «ገቢያችን ትንሽ ነው፣ የሱም ታክስ የለበትም» ብለው የሚተዉ አሉ። 14,400 ዶላር ሠርታ ሁለት ልጅ ያላት ቤተሰብ ለ2025 ኧርንድ ኢንካም ታክስ ክሬዲት ከሚባለው የሠራተኞች የታክስ ድጎማ ብቻ ወደ 5,760 ዶላር ታገኛለች። የቪኤው ካሳ ይህን አይቀንሰውም። ተመላሹ ገንዘብ ደግሞ ለፉድ ስታምፕ ገቢ አይባልም።

የቀረው የባለቤትሽ ፍርሃት ነው። ፍርሃቱ ከምንም አልመጣም። ከ70 ወደ 80 ቢያድግ በወር ወደ 330 ዶላር ይጨመርለታል። ያኔ ጠቅላላ ገቢያችሁ ከ3,380 ያልፋል። ጣሪያውን ከፍ ባላደረገ ስቴት ውስጥ ከሆናችሁ 330 አግኝታችሁ 330 ታጣላችሁ። ጣሪያውን ከፍ ባደረገው ስቴት ፉድ ስታምፑ ወደ 180 ገደማ ይወርዳል እንጂ አይጠፋም።

እኔ ግን ዓይኔ ሌላ ቦታ ላይ ነው። በጉዳቱ ምክንያት መሥራት አልቻለም ብለሻል። ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ቪኤ ቲዲአይዩ የሚባል መንገድ አለው። ሬቲንጉ 70 ሆኖ ሳለ ክፍያው የ100 በመቶ ይሆናል። መስፈርቱ አንዱ ጉዳት ብቻውን 60 መድረሱ፣ ወይም ጠቅላላው 70 ሆኖ ከመካከሉ አንዱ 40 መሆኑና በዚሁ የተነሳ መደበኛ ሥራ መያዝ አለመቻሉ ነው። ፎርሙ 21-8940 ይባላል። ከተፈቀደለት ለአራታችሁ በወር ወደ 4,300 ዶላር ይደርሳል። ፉድ ስታምፑም የልጁ ኤስኤስአይም ይቋረጣሉ። ሜዲኬዱ ግን ንቅንቅ አይልም፤ ቪኤው ድሮም እዚያ አልተቆጠረም። ከ2,200 ዶላር በላይ ለማግኘት እነዚህን ማጣት ለክርክር አይቀርብም። ጉዳቱ ዘላቂ ከተባለ ደግሞ ለአንቺና ለልጆቹ ቻምፕቪኤ የሚባለው የጤና ሽፋንና የትምህርት ድጎማ ይከተላል።

ሲያመለክት ፋይሉ እንደሚከፈት ይወቅ። ቪኤ ጉዳቱን እንደ አዲስ ሊመረምር ይችላል፣ ተሽሎታል ብሎ ሊቀንስም ይችላል። ስለዚህ ብቻውን አይላክ። እንደ ዲኤቪና አሜሪካን ሊጅን ያሉ የቬተራን ማኅበራት እውቅና ያላቸው ወኪሎች አሏቸው፣ በነፃ ያዩለታል። ከሚጨመርልህ ላይ ይህን ያህል ትሰጠኛለህ የሚል ሰው ከመጣ በሩን ዝጉበት። ገንዘቡ ሲጸድቅ የኋላው በአንድ ጊዜ ይገባል። ያ ጥቅል ገንዘብ ለፉድ ስታምፕ የወር ገቢ አይደለም፣ ንብረት ነው። ቢሆንም የገባበትን ደብዳቤ አስቀምጡ።

ለአሁኑ ግን የፉድ ስታምፑ እምቢታ ላይ ይግባኝ በሉ። እምቢታው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 90 ቀን አላችሁ። ጊዜው ሳያልፍ የኪራይ ውሉን፣ የቪኤውን ደብዳቤ፣ ዲዲ-214ቱንና የጋብቻ ወረቀቱን በአንድ ፖስታ አድርጋችሁ አስገቡ። ሲቀበሏችሁ ቀን ያለበት ማህተም አስመቱበት።